ፊሊኖስ የዋጠው ሸርጣን

በጥንት ዘመን፣ በግሪኮች ደሴት በኮስ ወደብ የጨው ዓሣ የምትሸጠው ዞፒራ እጇ ደርቆ አያውቅም። ስለዚህ እንደ ገበያተኛው ሁሉ፣ ሸርጣን የተቀረጸባቸውን የነሐስ ሳንቲሞቿን የምትይዘው በጉንጯ ነው። ዋጋ ስትጠራም ሆነ ከገዢ ጋር ስትጨቃጨቅ ንቅንቅ አይሉም። እናቷም እንዲሁ ነበረች።

አንድ ጠዋት ትንሹ ልጇ ፊሊኖስ «እኔም እንዳንቺ!» ብሎ ችክ አለባት። ማሰሮ ተሸክማ ስለነበር ጭቅጭቁ ሰለቻትና አንዱን ሳንቲም ከአፏ አውጥታ ጉንጩ ውስጥ ከተተችለት።

«ለዳቦው ነው። እንዳታወራ፣ እንዳትስቅ።»

ልጁ ከእናቱ ፊት ፊት እንደ ትልቅ ሰው እየተጎማለለ ዳቦ ቤት ደረሰ። ጋጋሪው ናናኮስ ገና ሲያየው፣ «ኧረ ዛሬስ ሀብታም መጣብን! ጥርስህን አሞህ ነው ወይስ ገንዘብህ ነው ያበጠው?» ብሎ የራሱን ጉንጭ እንደ እንቁራሪት ነፋ።

ፊሊኖስ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ።

«እማ፣ ሸርጣኑ ገባ።»

ጀርባውን መታች፤ ጣቷን ጉሮሮው ድረስ ሰደደች፤ ወይ ፍንክች! የቀሩትን ሳንቲሞች መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። የሁሉም ጠርዝ ልሙጥ ነው። የገባው ጠርዙ የተሸረፈው፣ ምላሷን ሲቧጥጣት የከረመው ነው። በገዛ እጇ አጎረሰችው!

ብዙ ልጆች ያሳደጉት ጎረቤቷ እትዬ ሚርቶ የልጁን ሆድ ዳሰሱ።

«ትንፋሹ ደህና ነው። የገብስ ገንፎና በለስ አብዪው፤ ከዚያ መጠበቅ ነው።»

«አንጀቱን ቢቆርጠውስ፣ እትዬ?»

«ደም ካየሽ ወደ ፈዋሹ አምላክ ወደ አስክሊፒዮስ መቅደስ እንሮጣለን። እስከዚያ እንጨት ያዢና ከዓይነ ምድሩ ውስጥ ፈልጊ። ምን ታፍሪያለሽ? እናት አይደለሽ?»

ከዚያ ወዲያ ዓሣው ሳይሸጥ ዋለ አደረ። ልጁ ዝም ሲል ትደነግጣለች፤ ሲጮህ ይብስባታል። በተጸዳዳ ቁጥር በእንጨቷ ትፈልጋለች፤ ምንም የለም።

«እማ፣ ውስጤ ይራመዳል እንዴ?»

«ተኝቷል የኔ ጌታ፣ አትቀስቅሰው» ትላለች።

በመጨረሻ እንጨቷ ቀጭ የሚል ነገር ነካ። ሳንቲሙ ጠቁሯል፤ ሸርጣኑ ግን እንዳለ ነው። ደም የለም። እዚያው ተቀመጠች።

በአሸዋና በባሕር ውኃ ፈተገችው። ለቀሩት ሳንቲሞች አንገቷ ላይ የምታስራት ከረጢት ሰፋችና፣ ልጇን ይዛ ያልተገዛውን ዳቦ ልትገዛ ሄደች።

ናናኮስ ሊጥ እያቦካ ነበር። እጁ በሊጥ ስለተያዘ፣ እንደ ልማዱ ሳንቲሙን ሊቀበል አፉን ከፈተላት።

«እዚህ ጣዪልኝ።»

ዞፒራ ሳንቲሙን እንደያዘች አመነታች። ፊሊኖስ ግን ቀደማት።

«ታጥቧል እኮ፣ አያ ናናኮስ!»

ናናኮስ አፉን ግጥም አደረገ። ዞፒራም ጉንጯ ባዶ ስለነበር እስኪበቃት ሳቀች።