ባለ አንድ ኩላሊቷ አይጥ

ዘመኑ 2016 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ ነበር፤ ሱሉልታ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ቡራዩ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው፣ የእኔ አንዱ ቢሰጠው እንደሚሻለው ሐኪሞች ነግረውናል። እኔ እሺም እንቢም አላልኩም። በአንድ ኩላሊት ማን ያርሳል?

ሰበታ ቤተ ሙከራ የምትሠራው ልጄ፣ «አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብላ ወሰደችኝ። ጠረጴዛ ላይ ነጭ አይጥ በማደንዘዣ ተኝታለች። ጎተራዬን የምትጨርሰውን አይጥ እዚህ እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልለዋታል! ልጄ ጅራቷ ላይ ጨረር ያለው መድኃኒት ወግታ ከካሜራ ሥር አስገባቻት። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ባቄላ የሚመስል ነገር በራ።

«ምንድን ነው?»

«ኩላሊቷ ነው። ምን ያህል እንደሚያጣራ እየለካን ነው።»

ግራ ገባኝ። እኔ ኩላሊት የማውቀው በግ አርጄ ሆዱን ስከፍት ነው።

«ሳትታረድ?»

«ሳትታረድ።»

«ሁለተኛውስ የት ሄደ?»

«ከወራት በፊት አወጣነው። የቀረው በርትቶ የወጣውንም ሥራ አብዛኛውን ይዞለታል።»

አላመንኳትም። ቆሜ ጠበቅኩ። አይጧ ነቃች፤ ፊቷን ጠረገችና እህሏን መቆርጠም ጀመረች።

ዣንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ። ወደ ሱሉልታ አልተመለስኩም፤ በታክሲ ቡራዩ ሄድኩ። ወንድሜ ተኝቷል።

«ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ እሰጥሃለሁ» አልኩት።

ዓይኑ እንባ ሞላ። «ጋሼ፣ ማን መከረህ? ቄሱ ናቸው?»

«አይጥ» አልኩት።