ለሶላር ያዘዝሁት ዕረፍት

ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ አጭር መልስ ኖሮኝ አያውቅም። አዲስ አበባ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮት የሌላት ክፍል ዘግቼ ፔሮቭስካይት የሚባል አዲስ የሶላር ቁስ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ብርሃን ሲያርፍበት እሱም መልሶ ያበራል፤ እኔ የማጠናው ያንን ድምቀቱን ነው። ትንሽ ቆይቶ በውስጡ ያሉት አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ አቶሞች፣ ከቦታቸው ይንሸራተቱና እዚህም እዚያም ይደበዝዛል። ጨለማ ውስጥ ሲያርፍ አዮኖቹ ይመለሳሉ፣ ድምቀቱም አብሮ ይመለሳል። ስለ ፀሐይ የማውቀውን ሁሉ የተማርሁት ጨለማ ቤት ቁጭ ብዬ ነው።

ለዒድ ራያ ውስጥ ሮቢት ከተማ፣ እናቴ ዘንድ ስገባ የሽንኩርት ችግኟን ከተከለች ገና ሳምንቷ ነበር። በዚያ ሙቀት ውሃ ከዘገየበት ችግኝ ምሕረት የለውም። ጉድጓዷ ላይ ያለው ፓምፕ ደግሞ በሶላር ነው የሚሠራው።

«ጠዋት ደህና ይስባል፤ እኩለ ቀን ሲሆን ይደክመዋል» አለችኝ። «ከቆቦ ፓምፕ ሠሪውን ላስጠራው ነው።»

ይደክመዋል ስትል ልቤ ዘለለ። ሲበራበት የሚደክም፣ ጨለማ ሲያገኝ የሚታደስ ነገር! ሦስት ዓመት ያፈጠጥሁበት ጉድ እናቴ ማሳ ድረስ መጥቶ የጠበቀኝ መሰለኝ።

«እኔ እያለሁ ማንንም አትጥሪ» አልኋት። እጄን እያወናጨፍሁ ስለ አዮኖች አስረዳኋት። «ማረፍ ብቻ ነው ያለበት። ሁለት ቀን ፀሐይ እንዳያየው።»

«ሁለት ቀን? ችግኙስ?»

«ይችላል» አልሁ፣ ሽንኩርት ተክዬ የማላውቀው እኔ።

መደቦቹን አየች፣ እኔን አየች። «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብላ ሸራ አመጣች። አናት በሚበሳው የራያ ፀሐይ ሶላር በሸራ ጠቅልለን ተቀመጥን። እሷ በገመድና በባልዲ ከጉድጓዱ እየቀዳች የደረሰችበትን መደብ ታጠጣለች፤ እኔ ብርሃን እንዳይገባ የሸራውን ጠርዝ በድንጋይ እጫናለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሸራውን ስናነሣ ውሃው ተንፎለፎለ። ለዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፌ ይሆናል ብዬ ፎቶ ሁሉ አነሣሁ። እኩለ ቀን ላይ ቀጥ አለ።

ፓምፕ ሠሪው በባጃጅ መጣ። የሽቦ መገናኛውን ሳጥን ከፍቶ አንዷን የጠቆረች ሽቦ ፋቃት፣ አጠበቃት። «ሲግል ይላላል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል» አለ። አሥር ደቂቃም አልፈጀበት።

«ሶላሩስ?» አልሁት።

«ሶላሩ ምን ሆነ?»

ምንም አልሆነም። የእናቴ ሶላር የተለመደው ሲሊከን ነው፤ እንደኔው ቁስ አዮን የሚንሸራተትበት፣ ዕረፍት የሚያሻው አይደለም። ተማሪዎቼ ሁለቱን ሲያምታቱ ነጥብ የምቀንስባቸው እኔው ነኝ።

ሦስት መደብ ሽንኩርት ድርቅ ብሎ ቀረ። እናቴ «አብሽሪ፣ አላህ ይተካዋል» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን በማሳው ሲያልፉ ቆሙ። የሽንኩርት ነገር ሲቸግራቸው ምክር የሚጠይቁት እናቴን ነው።

«ይህንን ምን ነካው?» አሉ።

«እኔ ነኝ። ውሃ ማጠጣቱን ዘንግቼ» አለች እናቴ።

«አንቺ ደግሞ ውሃ ትዘነጊያለሽ?»

እናቴ ቀና ሳትል መኮትኮቷን ቀጠለች። ሰው ፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ።

ሴትዮዋ ቀድመው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ትምህርቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኋቸው።