የጋሽ ከፋለ አደራዎች

ጋሽ ከፋለ ቁልፉን አስረክበው ከወጡ ወዲህ ሙዚየሟ ጸጥ ብላለች። ቁጣቸው ናፈቀኝ። የሙዚየሟ ሠራተኛ ሆኜ ከሞጣ ተመድቤ ቢቸና የመጣሁ ዕለትም የተቀበሉኝ በቁጣ ነበር። "ጋሼ፣ እነዚህ ዕቃዎች የሙዚየሙ ናቸው?" ብዬ ብጠይቃቸው፣ "የሰው ናቸው እንጂ! ሙዚየም ከየት አምጥቶ!" ብለው አፈጠጡብኝ።

ሙዚየም የምንላት ከገበያው በላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። ጋሽ ከፋለ የታሪክ መምህር ሳሉ፣ ተማሪዎቻቸው በዓይናቸው አይተው እንዲማሩ ብለው ከየቤቱ ዕቃ ይለምኑ ጀመር። ጋሻው፣ ነጋሪቱ፣ የበቅሎው ዕቃ፣ የቀንድ ዋንጫው እንዲሁ ተሰበሰበ። ሰዉ ሲያመጣ "ሰጠን" አላለም፤ "ይቀመጥልን" ነው ያለው። ጡረታ ሲወጡም ክፍሏን መጠበቅ ሥራቸው ሆነ።

ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ሠርግ ሲደርስበት ወይም ለቅሶ ሲገጥመው መጥቶ ዕቃውን ይወስዳል። ጋሽ ከፋለም ተከትለው ይሄዳሉ። ሠርግ ከሆነ ይጨፍራሉ፤ ለቅሶ ከሆነ የሟቹ ጋሻ ወይም ካባ ከፍ ብሎ እየታየ ሙሾው ሲወርድ አብረው ያለቅሳሉ፤ ማምሻውን ዕቃውን በጋቢ ጠቅልለው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ነጋሪቱ ለሠርግ ሞጣ ሄዶ ቀረባቸው። በደብረ ወርቅ በኩል በአውቶቡስ ሄደው አቅፈውት መጡ። "ያገርሽ ሰው ጉድ ነው፤ ሳትበላ ሳትጠጣ አንሰጥህም ብለው አሰነበቱኝ" እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሲስቁብኝ ኖሩ።

ኋላ ግን ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። የባህል ጽሕፈት ቤቱን እድሳት ብንጠይቅ፣ መጀመሪያ የስብስብ አስተዳደር ፖሊሲ ጽፋችሁ አምጡ ተባልን። ማን ዕቃ እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚቀበል፣ እንዴት እንደሚጸዳና እንደሚቀመጥ እኔ እየጻፍሁ ለጋሽ ከፋለ አነብላቸዋለሁ። እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። "ማንኛውም ዕቃ ከክፍሉ አይወጣም" የሚለው ላይ ስደርስ ብድግ አሉ።

"ለውበቴ ቃል ሰጥቻታለሁ!"

ወይዘሮ ውበቴ የታመሙ አሮጊት ነበሩ። ከአማታቸው የወረደ የከፋይ ለምድ፣ የጥንት የክብር ልብስ፣ አስቀምጠዋል። በዚያ ቤት ሰው ሲሞት ለምዱ ወጥቶ ነው የሚለቀስ። ባላቸው ሲቀበሩ ዝናብ መታውና ወርቀ ዘቦ ጥልፉ ይረግፍ ጀመር። ያኔ ነው ጋሽ ከፋለ፣ "ያንቺም ቀን ሲደርስ በራሴ እጅ አመጣዋለሁ" ብለው ቃል የገቡላቸው።

"ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እንደገና ከወጣ አይተርፍም" አልኋቸው።

"እኔስ ቃሌን በልቼ እተርፋለሁ?"

ኩርፊያ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ ይመልሱልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ለምዱን ሊያራግፉ ሲነኩት ጫፉ ተቀዶ እጃቸው ላይ ቀረ። ያችን ቁራጭ እንደያዙ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። "ጻፊው። አይውጣ" አሉኝ። ፊታቸውን ሳይ ባልጻፍሁት ብዬ ተመኘሁ፤ ግን ጻፍሁት።

ክረምቱ ሳይወጣ ወይዘሮ ውበቴ ሞቱ። በነጋታው ልጃቸው ማናለሽ መቀነቷን በጥቁር ነጠላዋ ላይ ታጥቃ መጣች።

"ጋሼ፣ ለምዱን ልወስድ ነው የመጣሁ።"

እኔ ስለ ፖሊሲው ላስረዳ አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። "አይወጣም፣ ልጄ" አሉ። "ለእናትሽ ቃል ገብቼላት ነበር። ካወጣሁት ግን ያልቃል። ለልጆችሽ የሚታይ አይኖርም። ስደቢኝ።"

ማናለሽ አልሰደበቻቸውም። ለምዱን ቆማ አየችው፤ ውጭ የሚወርደውን ዝናብም አየች። "እንግዲያማ ለቅሶው ይምጣ እንጂ" አለችና ሄደች።

መጣም። ከገበያው ጀምሮ መንገዱን ጃንጥላ ሞላው። ጋሽ ከፋለ የበሩን ሁለቱን መዝጊያ ወለል አድርገው ከፈቱ፤ ለምዱን በዘንግ ላይ ዘርግተው፣ ከደጃፉ ሳያልፉ፣ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ቆሙ። አልቃሿ የዚያን ቤት ሰዎች እየጠራች ሙሾ ስታወርድ ሰዉ ደረቱን ይመታል፤ እሳቸው እንባቸውን የሚጠርጉበት እጅ አልነበራቸውም። እኔ ወይዘሮ ውበቴን በአካል አላውቃቸውም። ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። በሳምንቱ ፖሊሲው ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርሁ፤ ያስቀመጠ ቤተሰብ ለቅሶውንም ሠርጉንም እዚሁ ደጃፍ ማድረግ ይችላል የሚል።

ማናለሽ ከአርባው በኋላ ተመልሳ መጣች። "እናቴ አደራ ብላ ነው ያስቀመጠች። እንዲህ ካከበራችሁልን ግን እኔ ሰጥቻለሁ። የት ልፈርም?" አለችኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ዕቃው በፊርማ የሙዚየሙ ካልሆነ ፖሊሲው ወረቀት ብቻ ነበር። ወሬው ገበያ ለገበያ ዞረና ሌላውም እየመጣ ፈረመ። ጣሪያውም ታደሰ።

ቁልፉን ሊያስረክቡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ የመጨረሻው ሰው ፈርሞ የወጣ ዕለት፣ ጋሽ ከፋለን "እንኳን ደስ አለዎት" አልኋቸው። እሳቸው ግን ሰውየው የሄደበትን መንገድ ነበር የሚያዩት።

"እንግዲህ ዕቃዬን ስጠኝ ብሎ የሚመጣ የለም" አሉ።

"የለም፣ ጋሼ። ሁሉም የሙዚየሙ ሆነ።"

"ደግ አደረግሽ። መሆን ያለበት ነው።" ወንበራቸውን ስበው በሩ ላይ ተቀመጡ። "እስከ ዛሬ ባለአደራ ነበርሁ፤ ከእንግዲህ ዘበኛ ነኝ።"