ከምርቃት በፊት ይቀዳ

ልጄ የተዳረችበት መንደር ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ሲነሣ ቤቶቹ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ልጄ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ጀሪካን አዝላ ስትወርድ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። መጀመሪያ እግሯ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ወገቧ፣ በመጨረሻ ቢጫው ጀሪካን ብቻውን ይሄዳል።

መውረድ አልነበረባትም። መንግሥት ለመንደሩ ቦኖ አሠርቶ ነበር። በርክክቡ ቀን ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፣ ክርስቲያኑ አሜን፣ እስላሙ አሚን አለ፣ ሪባን ተቆረጠ። ውሃው እስከ ማታ ወረደ። ለካ ገንዳውን በቦቴ ሞልተውት ኖሯል፤ በማግስቱ ደረቀ። ሰው ግን አፉን ዘጋ። በእኛ አገር የተመረቀን ነገር መንቀፍ ምርቃቱን መመለስ ነው፤ ማንም አይደፍረውም። ይህን ባህል እወደዋለሁ። ሌባ እንደሚጠለልበት ግን አልክድም።

በለውጡ ሰሞን የክልሉ ምክር ቤት አባል ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው። የመንግሥት ግዥና ቁጥጥር ረቂቅ አዋጅ ሲሰጠን ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ጣቴን በቃላቱ ላይ እያስኬድኩ አነበብኩት። ስለ ጨረታ፣ ስለ ተቋራጭ፣ ስለ መሐንዲስ ፊርማ ይናገራል። ውሃ ስለሚቀዳው ሰው አንድም መስመር የለውም።

በኮሚቴው ተነሥቼ፣ «ተጠቃሚው ራሱ ሞክሮ ሠርቷል ሳይል ርክክብ አይኑር፣ ምርቃትም አይኑር» አልኩ።

ሰብሳቢው ሣቁ። «ጋሼ፣ ምርቃትን በአዋጅ ልንከለክል ነው?»

«አንከልክል። ተራውን ይጠብቅ ነው የምለው።»

«ወሎዬ ዱአ ይቆይ ሲል ዛሬ ሰማሁ» አለ ከኋላዬ አንዱ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔ አልሣቅሁም። ስለ ምርቃት ያልኩት ቀረ። ሙከራው ግን አንቀጽ ሆኖ ገባ፣ በጉባኤውም እጅ ወጣለት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ያን ጊዜ እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። በደሴ መንገድ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ያልፋል፤ ከአምባሰል ተራሮች ጀርባ ከባድ መሣሪያ ያጉረመርማል፤ ሐይቁ ሰማዩን ታቅፎ ተኝቷል። አዋጅና አንቀጽ ማን ያስታውሳል? ልጄ ግን ያኔም ውሃ ትቀዳ ነበር። ሰው በጦርነትም ይጠማል።

ሰላም ሲመለስ ቦኖውን ሌላ ተቋራጭ ጠገነው። እንደገና ተሰበሰብን። የመንደሩ ታላቅ ሰው፣ ሼኹ፣ ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ። ያኔ ልጄ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ባዶ ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር አኖረች።

«ሼኽዬ፣ መጀመሪያ ይቀዳ።»

«ከዱአ በፊት፣ ልጄ?»

«እርስዎ ከመረቁት በኋላ ማን ይናገራል?»

ሼኹ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተው ልጅ አይደለችም? ምነው ዝም አልክ?»

«ሕጉም እንደሷ ነው የሚለው» አልኩ።

እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቆየ። ቧንቧው ተከፈተ። ውሃው ወረደ፣ ቀጠነ፣ ጀሪካኑ ሳይጋመስ ቆመ።

«አየር ይዞት ነው» አለ ተቋራጩ። «እናንተ መርቁ፣ ይመጣል።»

ሼኹ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «አብሽር፣ እኛ አንቸኩልም። ሲመጣ እንመርቃለን።»

ተቋራጩ ሠራተኞቹን ይዞ መስመሩን ሊቆፍር ውሃው ወደሚመጣበት ምንጭ ወጣ። ልጄ ጀሪካኗን አላነሣችም። «ይቀመጥ፣ ተራዬን ይያዝልኝ» አለችና ሌላ አዝላ ወደ ሐይቁ ወረደች።

ጀሪካኑ እዚያው ከተከፈተው ቧንቧ ሥር ሰነበተ። ነፋስ በአፉ ሲገባ ያፏጫል፤ ከሩቅ የዋሽንት ድምፅ ይመስላል። አንድ ጠዋት ፉጨቱ ቀረ። በጭጋጉ ውስጥ ሄጄ ሳይ ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል። ሼኹ ማንም ሳይጠራቸው መጥተዋል። መጀመሪያ እጃቸውንና ፊታቸውን ታጠቡበት። መዳፋቸውን የዘረጉት ከዚያ በኋላ ነው።