ነጋዴውና ሁለቱ በቅሎዎች

ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር አዲስ ዓለም በነበረው ግቢያችን፣ ከጓሮ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አያ እድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። የሥጋ ዘመዳችን አልነበሩም። በጉብዝናቸው ከአባቴ አባት ጋር መተማ ድረስ እየተመላለሱ የነገዱ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ማኪና መጥቶ በቅሎዎቻቸውን ሥራ ካስፈታ በኋላ፣ ሚስትም ልጅም ሳይኖራቸው አረጁና፣ አያቴ በሞተ ጊዜ አባቴ እጃቸውን ይዞ ወደ ግቢያችን አስገባቸው። እናቴ ዘሃራ ምግብ ስታወጣ ከሁላችንም አስቀድማ የእሳቸውን ድርሻ ነበር የምታነሣው።

ያኔ ረመዳን የሚገባው በክረምት ነበር። ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር ወንዶቹ ለተራዊህ መስጊድ መሄድ ትተው በየቤታቸው ይሰግዱ ነበር። የግቢያችን በር በጊዜ ይቀረቀራል፤ አባቴ ብርሃኑ ወደ ውጭ እንዳይታይ የፋኖሱን ክር ዝቅ ያደርገዋል። ካፈጠርን በኋላ አያ እድሪስ በረንዳው ላይ አጎዛቸውን አንጥፈው ይቀመጣሉ። እናቴ ለብርዱ የከሰል ፍም ታቀርብላቸዋለች፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ጀማል እጃችንን ለማሞቅ ብለን እንጠጋለን። አብዛኛውን ጊዜ ደሳለኝም አብሮን ነበር። ደሳለኝ ግድግዳ የሚለየን የጎረቤታችን ልጅና የጀማል የልብ ጓደኛ ነው። እኛ ረመዳንን፣ እሱ ፍልሰታን እየጾምን፣ እናቴ ለእሱ ለብቻው የጾም ወጥ ትሠራለት ነበር።

የክረምት ሰማይ ስስታም ነው። ቀናት ሙሉ ተሸፍኖ ይሰነብትና፣ አንድ ምሽት ዝናቡ አባርቶ ደመናው ሲሰነጠቅ፣ በምሥራቅ በኩል አንድ ደማቅ ኮከብ ይታያል፤ ግራና ቀኙን ደብዘዝ ያሉ ሁለት ከዋክብት አጅበውታል። አያ እድሪስ ምርኩዛቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣

«ያውና ነጋዴው» ይሉን ነበር። «እነዚያ ሁለቱ በቅሎዎቹ ናቸው። ከከዋክብት ሁሉ ለእኛ ቅርቡ እሱ ነው። አላህ ያቀረበው ፊቱን እንድናየው ብሎ ነው።»

በእርግጥም ለምድር ከሚቀርቡት ከዋክብት አንዱ መሆኑን የተማርኩት አድጌ ነው። ያኔ ግን ዓይኔን አጨንቁሬ የሰውየውን ፊት እፈልግ ነበር።

ሁለት ወዳጆች ነበሩ አሉን፣ ከአንድ ሌማት በልተው ባንድ አጎዛ የሚተኙ። ቡናና ሰም በየበቅሎአቸው ጭነው ከጎንደር ወደ መተማ ወረዱ። ቆላው ላይ አንደኛውን ወባ ጣለው። ሁለተኛው አንድ ቀን ጠበቀ፤ ከዚያ ገበያው እንዳያልፈው ፈራና፣ አንድ ቅል ውሃ በሽተኛው ራስጌ አኑሮ፣ የራሱንም የጓደኛውንም በቅሎ ነድቶ ሄደ። በሽተኛው ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ አየው። አልጮኸም፣ አልለመነውም። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፤ መድረሻውን ግን አያሳይህ» ብቻ አለው። ይኸው ነጋዴው እስከ ዛሬ በየክረምቱ ከምሥራቅ ይነሣል፣ ሁለቱን በቅሎዎች እየነዳ ወደ መተማ ያዘነብላል፣ ሳይደርስ ይጠልቃል። ጭነቱን አራግፎ አያውቅም።

ጀማል ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ነገርን ሳይመረምር አይተውም።

«አያ፣ ቢቆይ ኖሮስ?» አላቸው። «ሁለቱም ይሞቱ አልነበረም?»

አያ እድሪስ ፍሙን ቆሰቆሱ። «ይሞቱ ነበር ይሆናል» አሉ በኋላ። «ግን ሰው እንደሆኑ ይሞቱ ነበር።»

«ምነው አያ!» አለች እናቴ ከውስጥ። «በዚህ ጊዜ ለልጆች ስለ ሞት ይወራል?»

እውነቷን ነበር። በዚያ ዘመን ሞት ከተረት የሚሰማ ነገር አልነበረም። ጠዋት ከቤት የወጣ ሰው መንገድ ዳር የተጣለ የወጣት ሬሳ ያጋጥመዋል፤ እናት የልጇን ሬሳ አይታ እንዳታለቅስ ትከለከላለች። የሰፈራችን ሴቶች እንባቸውን መዋጥ ተማሩ። በተከታዩ ክረምት የእነ ጀማል የክፍል ጓደኞች አንድ ባንድ ይታፈሱ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአባቴ ደንበኛ የነበረ የቀበሌ ጠባቂ ሱቃችን ገብቶ፣ ነጠላ እንደሚመርጥ ሰው ጨርቅ እያገላበጠ፣ «ልጅህ ዛሬ ቤቱ ባያድር ሸጋ ነው። የጎረቤትህም ልጅ» አለውና ምንም ሳይገዛ ወጣ።

አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉ ነገር ተወሰነ። ሁለቱ ልጆች ከአህያ ነጂዎች ጋር ተቀላቅለው ጭልጋ ድረስ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን፣ ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን ይሻገራሉ። እናቴ ድርቆሽና ተምር በጨርቅ ቋጠረች። ቋጠሮው አልጠብቅ ሲላት የጨረሰችላት የደሳለኝ እናት ነበረች። አያ እድሪስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እስከ በሩ መጡ።

«ሲመሽ ነጋዴው ከኋላችሁ ነው፤ አትዩት» አሏቸው። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀድሟችሁ ፊታችሁ ላይ ይሆናል። ያኔ ተከተሉት፤ የሚጠልቀው መተማ ላይ ነው።»

«ደመና ከሆነስ?» አለ ደሳለኝ።

«ደመና ሲሆን ተቀመጡ። አትቸኩሉ፤ ብቻ እንዳትለያዩ።»

ጀማል የሁሉንም ጉልበት ስሞ ሲያበቃ ሹሩባዬን ሳብ አደረገኝ። «ሐዋ፣ ከሱዳን ሽቶ እልክልሻለሁ» አለኝ። እኔም ሽቶው ቶሎ እንዲመጣ ብዬ፣ መሄዱ ደስ አለኝ። ልጅ ነበርኩ።

ጠባቂዎቹ መጥተው ጀማልን ሲያጡ አባቴን ወሰዱት። ከወራት በኋላ ሲፈቱት ያው አባቴ ነበር፣ ግን ድምፁ ቀንሶ ነበር። ምን እንዳደረጉት ለእናቴም አልነገራት። ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ በሩን ፊት ለፊት እያየ እንጂ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ አያውቅም።

ከጀማል ወሬ አልመጣም። አንዳንድ ጊዜ ከድንበር የሚመለስ ነጋዴ፣ ገዳሪፍ ውስጥ እሱን የሚመስል ልጅ አየሁ ይላል፤ እናቴ በዚያች ወሬ ዓመት ትከርማለች። በፊት ስለ ሞት ለልጅ አይወራም ያለችው ሴት፣ አሁን ራሷ አያ እድሪስን ስለ መተማ መንገድ መጠየቅ ጀመረች፤ ወንዙን ስንት ቦታ እንደሚሻገሩት፣ ጥላ ያለው የት እንደሆነ፣ የቆላ ሰው ለእንግዳ ውሃ ይከለክል እንደሆነ። አያም ሳይሰለቹ ይነግሯት ነበር። የክረምት ምሽት ሰማዩ ሲጠራ ቀና ትልና፣ «ዛሬ ደመና የለም፤ መንገዱ ይታየዋል» ትላለች። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ያለ ይመስል። ማናችንም አላረምናትም።

እንዲህ እያልን ቆይተን፣ እኔ ጀማል ሲሄድ የነበረበትን ዕድሜ አልፌ ሳለ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። የወታደር ካፖርት የለበሰ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ከሲታ ሰው ቆሟል። ደሳለኝ መሆኑን ያወቅኩት «ሐዋ» ብሎ ሲጠራኝ ነው። ገና ወደ እናቱ ቤት አልሄደም ነበር፤ አስቀድሞ የመጣው ወደ እኛ ነው።

እናቴ ከኋላዬ መጣች። አቀፈችው፣ ሳመችው፣ ከዚያም ከትከሻው በላይ ወደ መንገዱ አየች። ሁለተኛ ሰው አልነበረም።

ተቀምጦ ነገረን። ጭልጋን አልፈው ቆላው ውስጥ ሲገቡ፣ ደሳለኝን ወባ ያዘው። መቆም አቃተው። ጀማል አንድ ዛፍ ሥር አስተኛውና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሂድ አልኩት፣ እማማ» አለ ደሳለኝ። «በእናትህ ሂድ፣ ድንበሩ ቅርብ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። ‹አያ እድሪስ ሰማይ ላይ እንዲሰቅሉኝ ነው?› አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ፤ ግን አልሄደም።»

እስኪሻለው ይጠብቀው ጀመር። ድርቆሹን በውሃ እያራሰ አጎረሰው። አንድ ጠዋት፣ ንጋት ላይ፣ ቆርቆሮ ይዞ ውሃ ሊቀዳ ወደ ወንዙ ወረደ።

«ተኩስ ሰማሁ» አለ ደሳለኝ። «ውሃው አልመጣም።»

የተኮሱት ሚሊሻዎች እሱንም በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ አገኙት። የሰሊጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ ነኝ ብሎ ሌላ ስም ሰጣቸው፤ አምነውት አስረው አቆዩትና፣ ሲድን ወደ ጦር ሜዳ ላኩት። በዚያ በሰጣቸው ስም ኖሮ፣ እግሩ ሲመታ ተሰናብቶ መጣ። ጀማልን ማን እንደቀበረው፣ መቀበሩንም አያውቅም።

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ አላለቀሰችም። «እሱስ ከወንዙ ጠጥቶ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«አላውቅም፣ እማማ።»

ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከተልኳት። አያ እድሪስ ዙሁር ሰግደው አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ሰውን የሚለዩት በድምፅ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«አያ እድሪስ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ልጄ ሰው እንደሆነ ሞቶልዎታል። ደስ ይበልዎ።»

ሽማግሌው ሊነሡ ተነቃነቁ። እጃቸው ምርኩዙን ፍለጋ፣ ምርኩዙ በሌለበት በኩል አጎዛውን ይዳብስ ነበር። አቀብዬአቸው እንደሆነ አላስታውስም። የማስታውሰው እናቴ ፊቷን አዙራ ስትሄድ ያየሁትን ጀርባዋን ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ምንም የማይወዛወዝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ በረንዳ ተረት አልሰማም። አያ እድሪስ ማታ ማታ ከክፍላቸው መውጣት ተዉ። ሰባት ቤት ጎረቤት ሽምግልና ገብቶ እንዲታረቁ ለምኖ ነበር፤ እናቴ «ምን ተጣላን?» ብላ መለሰቻቸው። እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን ምግባቸውን አላጓደለችም። ከሁላችንም አስቀድማ አውጥታ፣ በገዛ እጇ ወስዳ ፊታቸው ታኖርና፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ትመለሳለች። እሳቸውም «ዘሃራ» ይላሉ፤ ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቢስሚላህ ብለው ይበላሉ። ከዚያ የከፋ ቅጣት በሕይወቴ አላየሁም፤ ማንኛቸው ይበልጥ እንደተቀጡ ግን ዛሬም አላውቅም።

እኔ ዛሬ የልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ ተረት ንገሪን ይሉኛል፤ የጅብና የአህያ፣ የጦጣና የነብር እነግራቸዋለሁ። ጓደኛን ጥሎ ስለሄደ ነጋዴ ግን ነግሬአቸው አላውቅም። ውሸት ነው ብዬ አይደለም። ተረቱ እውነት ስለሆነ ነው የምፈራው፤ እውነት ብዬ የነገርኳቸውን ልጆቼ እንደሚያምኑ አውቃለሁ። አትመኑ፣ ጓደኛችሁ ቢወድቅ ዘላችሁት እለፉ ብዬም ላሳድጋቸው አልቻልኩም። እንዲሁ በመካከል፣ ምንም ሳልል አሳደግኳቸው።

ደሳለኝ አገባ፣ ወለደ። በየኢዱ ልጆቹን ይዞ እናቴን ሊጠይቅ ይመጣ ነበር። እናቴም የበጉ ሥጋ በእስላም እጅ የታረደ ስለሆነ እንደማይበላላት ታውቃለችና፣ ድሮ እንደምታደርገው ለብቻው ሽሮ ትሠራለታለች፤ ልጆቹን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተምር ታጎርሳቸዋለች። በመጨረሻው ኢዷ፣ እነሱ ከወጡ በኋላ፣ ትንሹ ልጅ የደፋውን ውሃ እያበስኩ ሳለ፣ ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ሸጋ ልጅ ነው ደሳለኝ» አለች። «አልጠላሁትም። ጠልቼውም አላውቅም።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ግን ሲስቅ ባየሁት ቁጥር፣ ምነው ጀማል ጥሎት በመጣ እላለሁ። ዛሬም አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ነገም እላለሁ።»

አሚን ልላት ፈለግኩ፤ አሚን የምለው ለይቅርታው ይሁን ለምኞቷ ጠፋኝና፣ የያዝኩትን እርጥብ ጨርቅ ጨምቄ ወለሉን ማበሴን ቀጠልኩ።