ከሰይድ ጋር የተውኩት ሲጋራ

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ብዙ ኃጢአት ነግሬአቸዋለሁ፤ ይህቺን ግን በየዓመቱ ከምላሴ ጫፍ መልሼ ውጫታለሁ። ለማታውቀኝ ለአንተ ልናገር፤ ፊትህን ስለማላየው ይቀለኝ ይሆናል።

እኔ ጎረቤላ የምኖር ሸማኔ ነኝ። ሰይድ ከታች ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ የመጣ ሰው ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ስድስት ዓመት ሸምነናል። ከሸመንንበት ጊዜ ያጨስንበት ሳይበልጥ አይቀርም። አንድ ቀን ሰይድ ከጤና ጣቢያ መጣና መወርወሪያውን ሳያነሳ ቁጭ አለ። ሳንባው ተጎድቷል፤ ካላቆመ ልጆቹን እንደማያሳድግ ተነግሮታል።

«ብቻዬን አልችለውም» አለኝ። «አንተ አጠገቤ እያጨስክማ ወላሂ አልችለውም። አብረን እንተው።»

ረመዳንና ዐቢይ ጾም የገጠሙበት ጊዜ ነበር። እሱ በአላህ፣ እኔ በእመቤቴ ማልን። ሰማህ? በእመቤቴ ማልኩ። በሁለተኛው ቀን ከባሕር ዛፉ ጀርባ ቆሜ አጨስኩ።

ለምን አልነገርኩትም? ልነግረው ነበር። ተመልሼ ስገባ ግን በዚያ ብርድ ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ድሩ ይበጠስበታል፣ ይቋጥረዋል፣ መልሶ ይበጠስበታል። ቀና ብሎ አየኝና «አንተስ እንዴት ነህ?» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? «ራሴ ሊፈነዳ ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ የለየልኝ ተዋናይ ሆንኩ። እሱ ሲያዛጋ አዛጋሁ። እሱ ሲነጫነጭ ተነጫነጭኩ። የእሱ ጨርቅ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ የእኔ ንጹሕ ሲሆን እንዳይነቃብኝ ፈራሁና የገዛ ድሬን በጥፍሬ በጠስኩ። ሸማኔ አውቆ ድሩን ሲበጥስ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ በጥሻለሁ። ካወቀብኝ እሱም መልሶ እንደሚጀምር፣ ከጀመረ ደግሞ እንደሚሞት እያወቅኩ በሰው ነፍስ ተጫወትኩ።

የሚያስደንቀኝ ግን የእኔ ክፋት አይደለም። የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ ውሎ፣ ሱሱ ሥጋውን እየበላው፣ ልክ እንዳፈጠረ ዳገቱን ወጥቶ ቤቴ ይመጣ ነበር። ከማፍጠሪያው ተምር ግማሹን በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣልኛል። «እንካ፣ ሲያምርህ ይቺን አላምጥ» ይለኛል። ሊያጽናናኝ ብሎ ይቀልዳል፤ እኔን ለማሳቅ ራሱ ቀድሞ ይስቃል። እኔም በዚያው ባጨስኩበት አፌ ተምሩን በላሁለት።

ሰይድ ተወ። ከዚያች ቀን ወዲህ አንዲት እንኳ ሳይቀምስ ተወ። ከዓመት በኋላ ወደ አገሩ ወረደ፤ ለእኔም መደበቁ ቀለለኝ።

ባለፈው ወር ልጁን ዳረ። ድንኳኑ መካከል እጄን ይዞ አስነሣኝና «ይሄ ሰው ባይኖር ዛሬ አፈር ነበርኩ። እሱ ሲችል አይቼ ነው የቻልኩት» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ዞሬ አጨስኩ። ጢሱ አልወርድ አለኝ። አፈርኩ፤ በቁሜ አፈርኩ። የቀረውን ከነፓኮው ጣልኩና ወደ ቤቴ ወጣሁ።

ያኔ ነው የገባኝ። በአራተኛው ቀን ከአልጋዬ እስከ ደጄ መሄድ አቃተኝ። የማንኪያ ኮሽታ ሊያሳብደኝ ደረሰ። በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ተኝቼ እንኳ እንዲህ ሆንኩ። ታዲያ ያ ሰው በዚህ ሰውነት፣ ጾሙን ውሎ፣ ዳገት ወጥቶ እኔን ሊያጽናና ይመጣ ነበር? ሰው ይህን ያህል ይችላል? እንዲህ ያለውን በቅዱሳን ገድል ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ስድስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ ሲሸምን ግን አላየሁትም።

ባለቤቴ ታሟል ብላ ደውላለት ኖሮ በማግሥቱ ከቆላ ወጥቶ መጣ። ግንባሬን ዳሰሰ፤ እጄን ይዞ ትንሽ ተመለከተው።

«ስንተኛ ቀንህ ነው?» አለኝ።

«አምስተኛ።»

እጄን ሳይለቅ «እንደገና ጀምረህ ነበር?» አለኝ።

አንድም ቀን አልተውኩም ነበር ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፈትኩ። «አዎ» አልኩት። ይኸውልህ፣ ዋሽቼ ስታመም ዋሸሁ፣ እውነት ስታመምም ዋሸሁ።

ጋቢውን አውልቆ ደረበልኝና አጠገቤ ተቀመጠ። «አይዞህ ወንድሜ። ያኔ አንተ አወጣኸኝ፤ አሁን ተራው የኔ ነው» አለኝ። ሥራውን ጥሎ ሦስት ቀን አስታመመኝ። እኔም ያኔ እሱን እንዳስታመመ ሰው ሆኜ ተቀበልኩት።

ከዚያ ወዲህ አላጨስኩም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። እሱን ይቅር በለኝ እንዳልል መጀመሪያ ያደረግኩትን ሊያውቅ ይገባል፤ ያንን ለመንገር እስከ ዛሬ አልደፈርኩም። ሰይድ ሲጋራ የተወው ብቻውን ነው። ይህን እሱ ራሱ አያውቅም።