እናቴ የለቀለቀችው አውድማ

ልጅ እያለሁ ንጹህ የሚባል ነገር የሚሸተው እበት እበት ነበር። ይህን ስል የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል፤ እኩዮቼ ግን ያውቁታል። ስንዴ ሊወቃ ሲል አውድማው በትኩስ እበት ይለቀለቃል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ቢፈልጉ ይተኙበታል።

ደጋው ላይ ስንዴ ቢኖረንም የአባቴ ልብ ያለው ወደ ጎሎልቻ ወርዶ በተከለው ቡና ላይ ነበር። ሁሌም ከነፍሬው አድርቀን፣ በጀንፈል ነበር የምንሸጠው። በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ አንድ ዓመት አባቴ የእጅ መፈልፈያ በበቅሎ አስጭኖ መጣና «ዘንድሮ አጥበን ነው የምንሸጠው» አለ። ሐጂ የምንላቸው የአሰላው ቡና ነጋዴ ከወደዱለት እኔን አሰላ አስገብቶ ሊያስተምረኝ በእናቴ ፊት ቃል ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

ግራ መጋባቴ ከገንዳው ጀመረ። ቀዩ እሸት ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ሁለት ቀን ሲቀመጥ አረፋ ደፈቀ፣ ሸተተ። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «ኧረ ይሄ ሰው፣ በሰበሰ እኮ!» ስትል አባቴ «አይደለም፣ እየጠራ ነው» አላት። የሚሸት ነገር እንዴት ይጠራል? የማንን እንደማምን ቸገረኝ።

ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ሲወጣ እውነትም ነጣ። አባቴ «ንጹህ ማስጫ አዘጋጁ» ብሎ ወደ ወንዙ ተመለሰ። እኔና እናቴ የዚያን ቀን እንደለቀለቅነው አድርገን አውድማ ለቅልቀን አናውቅም። እናቴ በመዳፏ እየዳበሰች «የሐጂ ቡና ነው፣ አንድ ጠጠር እንዳይኖር» ትለኝ ነበር። ቡናውን ውሃው ሳይንጠፈጠፍ አሰጣነው። አባቴም አይቶ መረቀን።

ወደ አሰላ ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ፤ ቀሚሶቼን በሻሽ ቋጥሬ ነበር። ሐጂ ከቡናው በእፍኛቸው አንስተው አሸተቱ። «ኩን ማሊ?» አሉ፣ ይሄ ምንድነው ማለታቸው ነው። «አቶ ታደሰ፣ ቡናዎ በረት ውስጥ ነው እንዴ የደረቀው? እበት እበት ይላል።» አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። እጆቼን ከኋላዬ ደበቅኋቸው። ታጥበው ነበር፤ ለምን እንደደበቅኋቸው አላውቅም።

ቋጠሮዬን ይዤ ተመለስኩ። አባቴ ለእናቴ የነገራት «ዘንድሮ አልወደዱትም» ብሎ ብቻ ነው። በዓመቱ የቀርከሃ ቆጥ ሠርቶ ቡናውን እዚያ ላይ አሰጣ፤ ሐጂ ወደዱት፣ እኔም አሰላ ገባሁ። እናቴ ቆጡን ባየች ቁጥር «የኔ አውድማ ምን ጎደለው?» ትላለች። አባቴ ቡናውን ማገላበጡን ይቀጥላል፤ እኔም አብሬው አገላብጣለሁ።

ዛሬ ያ ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ነው የሚደርቀው። ከሩቅ የመጡ ሰዎች እየቀመሱ የአበባ ጣዕም አለው ይላሉ፤ ደስ ይለኛል። እናቴ ምክንያቱን ሳታውቅ አረፈች። ከእሷ እጅ የጸዳ እጅ እስካሁን አላየሁም። እርጥቡ ቡና ግን የእበቱን ሽታ ስቦ ነበር፣ እኔም አሽትቼዋለሁ። ዛሬ ተነስታ «ምን ጎደለው?» ብትለኝ፣ ተምሬም እጆቼን ከኋላዬ እደብቃለሁ።